አማቴ እጃቸውን የሰበሰቡበት ክረምት

ሰው መገሠጽ ይቀናኛል። ሃያ ዓመት ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት መቆም ያመጣብኝ አመል ነው፤ ባጃጅ ነጂውንም፣ ባለሱቁንም፣ ባሌንም ጭምር እንደ ተማሪዬ ነው የማያቸው። ስለዚህ በዚያ ክረምት ገሣጭዋ እኔ፣ ተገሣጩ ደግሞ አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባሌ አባት መሆናቸው ቤታችን ውስጥ ማንንም አልገረመም። የሚገርመው የመጣው ኋላ ነው።

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆናት ጉልበቷ አብጦ ነበር። መጀመሪያ አንዱ ጉልበቷ፣ እሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ ቁርጭምጭሚቷ ሲተዋት ክርኗ። ሰው ሁሉ ብርድ ነው አለ፤ እኛም አመንን። ደብረ ታቦር ላይ ብርድ ያልተከሰሰበት በሽታ የለም። ቅቤ ቀባናት፣ ወንዛዬ ወስደን ሦስት ቀን ፍልውሃ ነከርናት። እብጠቱ ጠፋ፤ ልጅቷ ግን ዳገት ስትወጣ ታለከልክ ጀመር። ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት ጉልበቷን ነካ ነካ አድርጎ ተወውና ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አስቀምጦ ደጋግሞ አዳመጠ። ከዚያ የጠየቀኝ ያልጠበቅሁትን ነው፤ ጉልበቷ ከማበጡ በፊት ጉሮሮዋን አሟት እንደነበር።

አሟት ነበር። ጉሮሮውን የማያመው የማን ልጅ ነው? በሎሚና በማር አዳንኳት ብዬ ተኩራርቼም ነበር። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳኝ። ጉሮሮ ላይ የሚያርፍ፣ ዓይን የማያየው ጀርም አለ። ገላዋ እሱን ሊያባርር ሲነሣ ተሳስቶ የራሱን ልብ ይመታል። የልቧ አንዱ በር በዚህ ምክንያት በትክክል መዝጋት አቅቶታል። ጉዳቱ ለጊዜው ትንሽ ነው፤ ግን ያው ጉሮሮ በዚያው ጀርም በታመመ ቁጥር ሊብስ ይችላል። መከላከያው በየአራት ሳምንቱ የምትወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ነው። ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንገቷን በጣቴ እየነካሁ ከዚያ እስከ ልቧ ስንት ስንዝር እንደሆነ ለካሁ። አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ቅርብ መሆኑ አስፈራኝም፣ አስደነቀኝም።

ሁለት ዓመት ሳናስተጓጉል አስወጋናት። በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ ግን መንገዱ ይዘጋ ይከፈት ጀመር፤ መርፌውም ከከተማችን መድኃኒት ቤቶች ጠፋ። የቀጠሮዋ ቀን መጣ፣ አለፈ። ልጄ ያለ ጋሻ ቀረች፤ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ክፍል አንድ የዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከደቡብ የመጣ፣ ብርዳችንን ገና ያልለመደ፣ ሐምሌ ላይ ሁለት ጃኬት ደርቦ የሚሄድ ወጣት ነው። ምሳ አብሮን ስለሚበላ ከተከራይነት ወደ ዘመድነት ተሻግሯል። መርፌው እስኪገኝ ምን ይሻለኛል ብዬ ጠየቅሁት። ጀርሙ የሚተላለፈው በሳልና በማስነጠስ፣ ደግሞም በምራቅ ነው አለኝ፤ በአንድ ዋንጫ መጠጣት፣ በአንድ ማንኪያ መብላት፣ አፍ ገብቶ የወጣ ጣት። ተሸካሚው ሕመም ላይሰማው እንደሚችልም ነገረኝ። ይኸኛውን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲበላ ማየት ሥራዬ ሆነ። አርባ ምናምን ዓመት ትሪ ዙሪያ ተቀምጬ ይህን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። ጣት እንጀራ ይቆርሳል፣ ወጥ ያጠቅሳል፣ አፍ ይገባል፣ ከንፈር ይነካል፣ ተመልሶ ያንኑ ወጥ ያጠቅሳል። ከጎን ያለውም እንደዚያው። ቀድሞ የታጠበው እጁን ያደረቀበት ፎጣ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። በአንድ ትሪ ላይ የአምስት ሰው አፍ ሳይነጋገር ሲገናኝ ታየኝ። የሚያስጠላ ይመስላል፤ እኔን ግን አላስጠላኝም። እንደዚያ ተጠጋግተን የምንኖር ሰዎች መሆናችንን ከዚያ በፊት አላወቅሁም ነበርና ገርሞኝ እጄን ትሪው ላይ ረስቼ እቀራለሁ።

ከሁሉም የባሰው ማኅበሩ ነው። አማቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሚጠጡት የሚካኤል ማኅበር አለ፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በየተራ በአባላቱ ቤት። ጸሎት ተደርጎ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላ የተሞላው ጽዋ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ከዚያ መአዱ ይቀርባል። ልጄ በዳዴ ከምትሄድበት ጊዜ ጀምሮ ከአያቷ ጎን የምትቀመጥ የማኅበሩ ቁንጮ ናት፤ አባላቱ ሁሉ ሳያጎርሷት አይነሡም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለት ሁለት ነው። የአማቴ ጉርሻ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ካልጎደለ አፍ የማይገባ፣ በአውራ ጣት ተገፍቶ የሚያልቅ።

በሐምሌ ተራው የኛ ነበር። ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ ትሪው ቀርቦ፣ አማቴ ጠቅልለው እጃቸውን ወደ ልጄ አፍ ሲያነሡ፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ ተናገርኩ። ልጄን ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳያጎርሳት፣ ጽዋውንም እንዳትቀምስ፣ ለብቻዋ ሳህንና ለብቻዋ ኩባያ እንዳላት፣ የልቧ ጉዳይ መሆኑን ሁሉንም ተናገርኩ። የአማቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጉርሻውን ቀስ ብለው ትሪው ዳር አስቀመጡት።

«እሺ፣ ልጄ» አሉ።

ከአባላቱ አንዷ፣ ምላሳቸው እንደኔው የማያርፍ አሮጊት፣ ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። የታመመ ልጅ እናት ፊት የሚባል ነገር አልነበረም። እኔም የምመልሰው አላጣሁም፤ ግን የማኅበሩ ቄስ ጣልቃ ገብተው ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት።

ከዚያ ቀን በኋላ አማቴ እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጄን ብቻ ሳይሆን ማንንም ማጉረስ ተዉ። ትንሽ ትሪ ወደ ክፍላቸው ያስገባሉ፣ ብቻቸውን በልተው ራሳቸው አጥበው ይመልሳሉ። ልጅቷ በራፋቸው ላይ ቆማ ስታወራቸው እንኳ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። አኩርፈዋል አልኩ። ያኩርፉ፤ የአንድ ሽማግሌ ኩርፊያ ከልጄ ልብ አይበልጥብኝም። እኔ ከልጄ ጋር ከትሪው ፈቀቅ ብለን ተቀምጠን ከሳህኗ እየቆረስኩ ራሴ አበላት ነበር። ጥንቃቄዬ ፍጹም ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ልጄ ምራቋን መዋጥ አቅቷት ተነሣች። ግንባሯ እሳት ነበር። አፏን አስከፍቼ ሳይ ጉሮሮዋ ቀልቷል፣ ነጭ ነጠብጣብም አለበት። ባሌ የሚሠራው ባሕር ዳር ነው፤ ለእረፍት ቀን መጥቶ ነበርና መርፌውን ከየትም ብሎ እንዲያመጣ በመጣበት እግሩ አባረርኩት። ከዚያ ቀጥታ የሄድኩት ወደ አማቴ ክፍል ነው። ተደብቀው አጉርሰዋት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አማቴ በአሉታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ውስጥ የነበረውን ነገር ያኔ ጥፋተኝነት ነው ብዬ ነበር የተረጎምኩት።

ተከራያችን መምህር ባሌ ገና ከግቢ ሳይወጣ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ጀርሙ ከቤት ሰው ከሆነ የሚመጣው፣ ልጅቷ ብትድንም መልሶ ይይዛታልና ሁላችንንም ልመርምር አለ። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት ቀጭን እንጨት እያስገባ የአራታችንንም ጉሮሮ ጠረገ፤ የልጄን፣ የባሌን፣ የአማቴንና የኔን። አማቴ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አማተቡ። እውነቱን ልናገር፤ የሳቸው እንዲሆን ተመኝቼ ነበር። ትክክለኛ መሆኔን ፈልጌ እንጂ ጠልቻቸው አይደለም። ማታውኑ ባሌ መርፌውን ይዞ ደረሰ፤ ልጄም ተወጋች።

ከሁለት ቀን በኋላ መምህሩ ላብራቶሪ ድረስ እንድመጣ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ሳህን የሚያክሉ አራት ክብ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ውስጣቸው የረጋ ቀይ ነገር አለ። የበግ ደም የተቀላቀለበት የጀርሙ ምግብ ነው አለኝ። ላያቸው ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ሁለቱ እንዳሉ ቀይ ናቸው። በቀሩት ሁለቱ ላይ ግን የጤፍ ፍሬ የማያክሉ ነጫጭ ነጥቦች ተበትነዋል፤ በእያንዳንዷ ነጥብ ዙሪያ ደሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት የጠራ ቀለበት ተሠርቷል። አንዱን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ብርሃኑ በየቀለበቱ እየሾለከ ገባ፤ በአንደኛው በኩል የራሴን ጣት አየሁት።

ደሙን በልተውት ነው አለኝ መምህሩ። በአንዷ ነጥብ ውስጥ ስንት አሉ ብዬ ጠየቅሁ። ከደብረ ታቦር ሕዝብ ይበልጣሉ አለኝ፤ ሁሉም ከአንዲት የተወለዱ፣ በአንድ ሌሊት። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በዕድሜዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ያለ ዝምታ የወረደብኝ ጥቂት ቀን ነው። ልጄን የሚገድልብኝ ነገር እጄ ላይ ነበር፤ እኔ ግን መጥላቱን ረስቼ ማማሩን አያለሁ። ያለ ዓይን፣ ያለ እግር፣ ከሰው ወደ ሰው መንገድ የሚያውቅ፣ እኛ በፍቅር የምንዘረጋውን እጅ ድልድይ ያደረገ። ስንት ሺህ ዓመት አብሮን ትሪ ሲቀርብ ኖሯል!

ነጥብ ያለበት አንደኛው የልጄ ነው። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ሳልጠይቀው ለራሴ መልሼ ነበር።

«የአባባ ነው አይደል?» አልኩት።

«አይደለም፣ መምህርት። የእርስዎ ነው።»

ቁጥሩ ተሳስቷል አልኩት። እኔ ጉሮሮዬን አላመመኝም አልኩት። ሳያመው የሚሸከም ሰው እንዳለ በሰኔ ነግሬዎት ነበር አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ነቀፋ አልነበረም። ቢሆንስ በየት በኩል ይደርሳታል ብዬ ሙግት ገጠምኩ፤ ሳህኗ ለብቻ፣ ኩባያዋ ለብቻ። መምህሩ ምሳ ላይ ያየውን ነገረኝ። «እርስዎ ልጅቷን የሚያጎርሷት በርበሬው እንዳያቃጥላት መጀመሪያ ወጡን በአፍዎ መጥጠው ነው። ሁልጊዜ። የሚያውቁት አልመሰለኝም።»

አላውቀውም ነበር። ጥርስ ካወጣች ጊዜ ጀምሮ እንጀራውን ወጥ አስነክቼ፣ ቀዩን በከንፈሬ መጥጬ፣ የለሰለሰውን ነው አፏ ውስጥ የማኖረው። እናቴ ለኔ እንደዚያ አድርጋለች፤ የሰፈሩ እናት ሁሉ ያደርጋል። ዓመት ሲጨመር እጄ አመሉን አልተወም፤ ዓይኔም አላየውም። የአሥር ሰው እጅ ከልጄ አፍ ላይ ሳባርር፣ የራሴ አፍ በቀን ሦስት ጊዜ እዚያው ነበር። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀምጬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አማቴ ደጅ ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የዘር ድንች ይለቅማሉ። ፊታቸው ቆሜ ነገርኳቸው፤ በሽታው የተገኘው ከኔ ነው፣ እርስዎ ንጹሕ ነዎት አልኳቸው። ድንቹን እንደያዙ ቀሩ። ተመርምሮ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተመርምሮ ነው፣ በዓይን ይታያል አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ። ከዚያ አማተቡና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ተቀይሜ መስሎሻል እኮ» አሉ። «እኔ ፈርቼ ነው። ያን ለት አንቺ ስትናገሪ፣ ያኔ ጉልበቷ ያበጠውም በኔው እጅ ነው አልሁ በሆዴ። ልጅቱን የገደልኋት እኔ ነኝ አልሁ። ዳግመኛ ሰው ባጎርስ እጄ ይቆረጥ ብዬ በሚካኤል ማልሁ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ኩርፊያ ያልኩት ይህ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። ይቅር ይበሉኝ ስላቸው ራሴን በድንች አፈር በቆሸሸ እጃቸው ደባበሱት። ዓይን ያላየውን እጅ እንዴት ይጠብቀዋል፣ ተይ አታልቅሺ አሉኝ። እኔ በእርሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያ አልልም ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ይታያል ብለሽኝ የለ፣ አሳዪኝ አሉ።

በማግስቱ ይዣቸው ሄድኩ። ላብራቶሪው በር ላይ ሲደርሱ ጋቢያቸውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መስቀለኛ አጣፉ። መምህሩ የኔን ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ ያዘላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት፤ አንዴ በግራ ዓይናቸው፣ አንዴ በቀኝ። ይህ ሁሉ በአፏ ሲኖር አያማትም ወይ ብለው ጠየቁ፤ አያማትም ተባሉ።

«ይኸንንም የፈጠረው እሱ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አየ ጥበቡ።» ከዚያ ገበሬነታቸው መጣና ጥያቄ አዘነቡበት። ምን ይበላል፣ ብርድ ይገድለዋል ወይ፣ በሳሙና ሲታጠቡት የት ይገባል፣ ጠላ ውስጥ ይኖራል ወይ። መምህሩ ለተማሪዎቹም እንደዚያ የጠየቀው እንደሌለ ነገረኝ።

በነሐሴ ማኅበር ላይ አማቴ ከጸሎት በኋላ ተናገሩ። ጽዋው እንደ ወትሮው ይባረክ፣ ከዚያ ግን ለእያንዳንዳችን በየዋንጫችን ይቀዳልን፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ አሉ። በሽታው ከኔ ቤት ተገኝቷል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ አሉ እንጂ ከማን አፍ እንደተገኘ አላወሩም። ሰው ሁሉ የሳቸው መስሎት በሐዘን ሲያያቸው ዝም ብለው ተቀበሉት። እኔን የመሸፈን ግዴታ ማንም አልጣለባቸውም። በአደባባይ የገሠጸ በአደባባይ ይናዘዝ ብዬ ተነሣሁና ከኔ ነው አልኩ፤ እንዴት እንደሆነም ዘርዝሬ ተናገርኩ። ምላሰኛዋ አሮጊት የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ብለው ሲስቁ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። ስለ ዋንጫው ብዙ ክርክር ነበር። ቄሱ በመጨረሻ በረከቱ ከጽዋው እንጂ ከከንፈራችን አይደለም ብለው ቋጩት።

እኔ አሥር ቀን ኪኒን ዋጥኩ። መንገዱ ሲከፈት፣ ዓመቱ ሊለወጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ልጄን ባሕር ዳር ወስደን ልቧን አስመረመርናት። ሐኪሟ ስክሪኑን እያየች ያሳለፈችው ጊዜ ከዘጠኝ ወር እርግዝናዬ ረዝሞብኛል። በሩ ባለበት ነው፣ አልባሰም አለችን። በስክሪኑ ላይ ያ ትንሽ በር ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁት፤ ማንም ሳያዘው፣ እኔ ሳስተምርም ስገሥጽም ስሳሳትም ያለ ዕረፍት ሲሠራ የኖረ። ባሌ ትከሻዬን ይዞ ባያወጣኝ እዚያው እቀር ነበር።

በማግስቱ ቤታችን ምሳ ቀረበ። የልቧን ዜና እስኪሰሙ ክፍላቸው ውስጥ መብላታቸውን ያልተዉት አማቴ፣ ከሐምሌው ማኅበር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኛ ጋር ተቀመጡ። የልጄ ሳህን ከጎኔ ነው። ቀይ ምስር ወጥ ነበር። ወሬ ይዤ እንጀራ ቆረስኩ፣ አጠቀስኩ፤ እጄ ሳላዘው ወደ አፌ ሲነሣ ልጄ እያየችኝ እንደሆነ አየሁ። አየር ላይ አቆምኩት። የምይዝበት ጠፍቶኝ፣ ቆይ አልጫ ልሥራልሽ፣ ይኼ ያቃጥልሻል አልኳት።

ልጄ እንጀራውን ከጣቴ ላይ ወሰደችው። ሳህኗ ላይ፣ ወጡ ይበልጥ ወፈር ያለበት ቦታ ነከረችና ጎረሰችው። ዓይኗ እንኳ አልረጠበም።

«አያቃጥለኝም፣ እማየ። ድሮም አያቃጥለኝም» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ይልሽ ነበራ» አለችኝ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች።